አህያዋ ትጠይቅ፣ ሰው ይመልስ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ከተማ በአንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የልጆች አገልግሎት አስተባባሪ ነኝ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ በሚሆንበት ጊዜ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ለአምስት ቀን የልጆች ካምፕ እናዘጋጃለን። ከ4 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ጠዋት መጥተው ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የምትኖር እህታችን ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን የአንበሳ ልብስ ላከችልን። ከወጣቶቻችን አንዱ ለበሰውና «አንበሶ» ብለን ሰየምነው። በየቀኑ እየዘለለ ይገባል፣ ያገሳል፣ ያስቃል፣ የዕለቱን ጥቅስ ያስጠናል። ልጆቹ እንደዚያ ተደስተው አያውቁም፤ ጥቅሶቹንም እስካሁን አልረሷቸውም። በመጨረሻው ቀን አንበሶ ጌታን ሲቀበል የሚያሳይ አጭር ድራማ ሠርተን፣ እርሱ እጁን አንሥቶ ሲጸልይ ብዙ ልጆች አብረውት እጃቸውን አነሡ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇ ብቻዬን አልተኛም እያለ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ በመዝሙር ሰዓት ቀሚሴን ጎትታ «የይሁዳ አንበሳ ማለት ባለፈው የመጣው ነው?» አለችኝ፤ ስቄ አለፍኳት። አሁን የዘንድሮውን ስናቅድ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «በእግዚአብሔር ቤት ጭምብል አይገባም፤ ወንጌልን ተረት አታድርጉት» ብለው ተቃወሙ። ወጣቶቹ በበኩላቸው አንበሶ ከሌለ ልጅ አይመጣም ይላሉ። አንበሶን እናስቀረው ወይስ እንቀጥል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መሐል ላይ የቆመችው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ስለ አንበሶ ጨዋታና ስለ ሽማግሌው ተቃውሞ በሰፊው ይናገራል። የመጨረሻውን ቀን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘለልሽው፤ ቀሚስሽን የጎተተችውን ልጅም ስቀሽ አለፍሻት። እኔን አላሳልፍ ያሉኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ እነርሱ ልመለስ፦ አንበሶን አስቀሩት፤ ጨዋታውን አታስቀሩት። በምትኩ ሌላ እንስሳ አምጡ፤ የሚጫወተው ሰው ፊቱ ይታይ፤ ሥራውም መጠየቅ ብቻ ይሁን። እምነትን በሚመለከት አንዲትም መልስ ከእርሱ አፍ አትውጣ።

አሁን ወደ ልጅቷ። በየእሑዱ «የይሁዳ አንበሳ» እያለች ትዘምራለች። ቃሉ ከራእይ 5፥5 የመጣ መሆኑን ባታውቅም ስለ ኢየሱስ እንደሚዘመር ታውቃለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት በዚያው ግቢ፣ መዝሙር በሚመራበት በዚያው መድረክ ላይ አንበሳ መጣ። ጥቅስ አስጠናት። ትልልቆቹ ሁሉ አጨበጨቡለት። ታዲያ ልጅቷ ያየችውንና የሰማችውን አገናኝታ አንቺን መጠየቋ ብልህነት ነው። ይባስ ብሎ በመጨረሻው ቀን ያ አንበሳ ጌታን ተቀበለ። በእርሷ ሒሳብ ጌታ ጌታን ተቀበለ ማለት ነው። እስቲ ይህን ፍቺላት!

በሌላ አገር አንበሳ የመካነ አራዊት እንስሳ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን የነገሥታቱ ማዕረግ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ነበር፤ አዲስ አበባ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው ሐውልትም ይኸው አንበሳ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1ኛ ጴጥሮስ 5፥8 ዲያብሎስ እንደሚያገሳ አንበሳ ይዞራል ይላል። አንዱ እንስሳ ክርስቶስም፣ ንጉሥም፣ ሰይጣንም ሆኖ ቆሟል። ትልቅ ሰው እንደየቦታው ለይቶ ያነበዋል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ይህን ሁሉ አንድ ቆዳ ውስጥ ስትጨምሩባት ግራ ይገባታል። ስለዚህ ካምፑ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ በሚመጣው እሑድ ፈልጊያትና «ባለፈው የመጣው ልብስ የለበሰ ወንድማችን ነው፤ የምንዘምርለት ኢየሱስ ነው» በያት። የወጣቱንም ስም ንገሪያት፤ እዚያው ካለ ጠርተሽ አሳያት። «ታዲያ ኢየሱስን ለምን አንበሳ ትሉታላችሁ?» ብላ መቀጠሏ አይቀርምና ለእርሱም መልስ ይዘሽ ሂጂ።

እንቅልፍ ስላጣው ልጅ ደግሞ፣ እናቱ ፈሪ ነው ብላ እንዳታፍርበት ይህን አጫውቻት። ሪታ ዴቭሪስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሜይናርድ የሚባል ገራም ድመት ለልጆች አሳየቻቸው። ልጆቹ ድመት መሆኑን በገዛ አፋቸው ከተናገሩ በኋላ ጭንቅላቱ ላይ እውነተኛ የሚመስል የውሻ ጭምብል ተደረገለት። ጭምብሉ ሲጠለቅ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዓይናቸው አልተሰወረም ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሦስት ዓመት ልጆች ብዙዎቹ አሁን ውሻ ሆኗል አሉ። የስድስት ዓመቶቹ በአመዛኙ ድመቱ ጭምብል ቢያደርግም ያው ድመት ነው ብለው ጸኑ። የአራት ዓመቱ ልጅ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ያለው። ለእርሱ አንበሳ የለበሰ ሰው አልመጣም፤ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ የሚናገር፣ ልጆች መሐል የሚሮጥ አንበሳ ነው የመጣው። «ጅቡ መጣልህ» እየተባለ እራቱን ለሚጎርስ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (ጅቡን ከማዕድ ላይ ስለማንሣት ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።) ሄደሽ እናቱን ይቅርታ ጠይቂ፤ ልጁም ልብሱን ባዶውን ተጋድሞ ይየው። ከፈለገ እጁን በአፉ ያስገባ፣ ካልፈለገ ከሩቅ ይይ፤ እንዲነካው ማንም አይግፋው።

ወጣቶቹ ልጆቹ ጥቅሱን አልረሱም ማለታቸውን አምናለሁ። ቃል በማስያዝ ረገድ ሳቅና ዝላይን የሚያህል የለም። ጥቅስ ማስታወስና በጥቅሱ መኖር ግን ለየቅል ናቸው። የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ሙከራ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚያስተምር የሥዕል መጽሐፍ አነበቡላቸው። ታሪኩ አንድ ነው፤ ለአንዱ ቡድን ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰው የሚኖሩ እንስሳት ሆነው፣ ለሌላው ቡድን ሰዎች ሆነው ተሥለዋል። ከንባቡ በፊትና በኋላ ልጆቹ ከደረሳቸው ስቲከር ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ዕድል ተሰጣቸው። የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ከበፊቱ አብልጠው ሰጡ፤ የእንስሳቱን የሰሙት አልጨመሩም። አንድ ሙከራ ነው፤ በእርሱ ላይ ሕግ አላወጣም። ነገር ግን በየቤታችን ከምናየው ጋር ይስማማል። ልጅ በእንስሳው ይስቃል፤ የሚመስለው ግን አባቱን፣ ታላቅ እህቱን፣ አስተማሪውን ነው። አንበሶ «ለወንድማችሁ አካፍሉ» ቢል ልጆቹ ያጨበጭባሉ። አንቺ ምሳሽን ቆርሰሽ ምሳ ላልያዘ ልጅ ስትሰጪ ካዩ ግን ያደርጉታል።

እንግዲህ እንስሳው ማስተማሩ ካልሆነለት ምን ይሥራ? መልሱ በዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ተቀምጧል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሚናገሩት እንስሳት አንዷ የበለዓም አህያ ናት። እስቲ መልሰሽ አንብቢውና ምን እንደምትናገር ልብ በዪ። ሦስት ጊዜ ከተደበደበች በኋላ አፏ ተከፈተ፤ ምን አድርጌህ ነው የመታኸኝ? ብላ ጠየቀችው። ቀጥላም አንተ የምትቀመጥብኝ አህያህ አይደለሁምን? እንዲህ አድርጌብህ አውቃለሁን? አለችው። አለቀ። ትንቢት አልተናገረችም፤ በለዓምን ለንስሐ አልጠራችም፤ መልአክ ቆሟል ብላ እንኳ አልነገረችውም። የበለዓምን ዓይን እግዚአብሔር ከፈተ፤ መልእክቱን ራሱ መልአኩ ተናገረ። የአህያዋ ድርሻ ጌታዋን ቆም ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ነበር፤ ያንንም በጥያቄ ፈጸመችው።

ሽማግሌው «እባቡም እኮ ጠይቋል» ሊሉሽ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ዘፍጥረት 3 ላይ እባቡ የጀመረው በጥያቄ ነው። ግን እባቡ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ «ሞትን አትሞቱም» አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ ሰው ያሳሳተው እንስሳ እርሱ ነው። አንበሶንም ያስቀረሁት ለዚሁ ነው፤ መልስ ሰጪ ሆኗልና።

ከሽማግሌው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ጭምብል በእግዚአብሔር ቤት አይገባም ሲሉ ምክንያታቸውን ብትሰሚያቸው ፍርሃታቸው ተረትና ወንጌል በልጁ ልብ ውስጥ እንዳይቀላቀሉ ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመራችው ጥናት እንዳሳየው፣ በሃይማኖት ውስጥ ያደጉ የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች የምናባዊ ታሪክ ገጸ ባሕርያትን እውነተኛ ሰዎች ናቸው የማለት ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ ልጆች ይበልጣል። ይህ የልጆቹ ጉድለት አይደለም። ባሕር እንደተከፈለና አህያ እንደተናገረች ከሚያምኑት ሰዎች አፍ የሰማ ልጅ፣ በዚያው መድረክ ላይ የሚያወራ አንበሳ ሲመጣ ለምን ይጠራጠራል? እኛ ነን ይህ ጨዋታ ነው፣ ይህ ደግሞ የምናምነው ነው ብለን ለይተን ማሳየት ያለብን።

በግማሹ ግን አልስማማም። ጨዋታ ከእምነት ጋር አይሄድም ለማለት ነቢዩ ሕዝቅኤልን ከመጽሐፉ ማውጣት ይጠይቃል። ምዕራፍ 4 ላይ በጡብ ላይ ኢየሩሳሌምን ሥሎ ከበባ ያደርግባታል፤ 390 ቀን በግራ ጎኑ፣ 40 ቀን በቀኝ ጎኑ እንዲተኛ ይታዘዛል። በሐዋርያት ሥራ 21 አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር ያስራል። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ባይሆንም፣ ካምፑን በምታካሂዱበት በዚያው በነሐሴ፣ በ13ኛው ቀን፣ የሰፈሩ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጃፉ ይመጣሉ። የደብረ ታቦር በዓል የልጆች ጨዋታ ሆኖ ለትውልድ ተላልፏል። የችቦው ብርሃን በተራራው ላይ የታየው ብርሃን ነው፤ ሙልሙሉ ለእረኞቹ የተወሰደው ዳቦ ነው፤ የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የተሰማውን ድምፅ ያስታውሳል። ልጁ ጅራፉን ያጮኻል፤ የጅራፉን ትርጉም ግን አያቱ ወይም የኔታ ናቸው የሚነግሩት። ዘጸአት 12 ላይም ልጆቻችሁ ይህ ሥርዓት ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሏቸው ይላል። ልጅ አይቶ ይጠይቃል፣ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይመልሳል።

ስለዚህ አህያ አምጡ። ሙሉ ልብስ አያስፈልግም። ከጆንያ ወይም ከአሮጌ ግራጫ ብርድ ልብስ የተሰፉ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች በሻሽ ላይ፣ ከኋላ ጅራት፣ አለቀ። ፊት አይሸፈን። ሙሉው ልብስ ከማስፈራቱም ሌላ ይሞቃል፤ ለባሹም እግሩ ሥር ያለውን ትንሽ ልጅ አያይም። ጆሮውንና ጅራቱን ወጣቱ ከልጆቹ ፊት ቆሞ ያድርግ፤ እነርሱ ራሳቸው ቢያስሩለት ደግሞ የበለጠ ነው። እንስቷን አህያ መጫወት አፍራለሁ ካለ፣ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው፣ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን፣ በመድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ንገሪው። አንበሶ ከሌለ ልጅ አይመጣም ለሚሉትም ያው አባባ ተስፋዬ መልስ ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ አርባ ዓመት ገደማ የአገር ልጅ ስክሪኑ ፊት ያስቀመጡት ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ ፊታቸው ሳይሸፈን ነው። ጅቡም ጦጣዋም ሲናገሩ ልጁ ሁሉ አባባ ተስፋዬ መሆናቸውን ያውቅ ነበር፤ ጨዋታው አልፈረሰበትም።

አህያ ስድብ ነው፣ ልጆቹ ይሰዳደቡበታል ያልሽ እንደሆነ፣ እውነትሽን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይሰዳደቡበታል። አህያዋ ራሷ «እኔን ነው የምትጠራው?» እያለች በተሳዳቢው ቁጥር ትምጣ። በሁለተኛው ቀን ይሰለቻቸዋል። ደግሞም ኢየሱስ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በማን ተቀምጦ ነው?

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ጠዋት ላሳይሽ። የዕለቱ ታሪክ በሉቃስ 15 ያለችው የጠፋችው በግ ናት እንበል። አስተማሪዋ መቶ በጎች ነበሩ፣ አንዷ ጠፋች፣ እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ፍለጋ ሄደ ብላ እንደጨረሰች አህያዋ ጆሮዋን እያወዛወዘች ከኋላ ትመጣለች።

«ቆይ ቆይ፤ ዘጠና ዘጠኝ ቀርተውት የለም እንዴ?»

«አዎ!» ይላሉ ልጆቹ።

«ታዲያ አንዷ ብትቀርስ? እኔ ዘጠና ዘጠኝ ጆንያ ገብስ ቢኖረኝ ለአንድ ጆንያ ብዬ ዳገት አልወጣም።»

ጫጫታ ይነሣል። አንዱ «በግ ጆንያ አይደለችም!» ይላል። ሌላዋ «ብቻዋን ጅብ ይበላታል!» ትላለች። አህያዋ አትረታም፤ ትንሽ ታኝክና ሌላ ታመጣለች።

«እሺ፣ ግን ማን ጥፊ አላት? ጥፋቷ የራሷ አይደለም?»

እዚህ ላይ ድምፁ ይቀንሳል። «ጥፋትህ ነው» የሚለውን ቃል በቤቱ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። ዳቦ እንዲገዛ የተሰጠውን ብር ጥሎ ቤት ለመግባት የፈራ ልጅ እዚያ መሐል አለ። አህያዋ ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አትናገር፤ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ትቀመጥ። አስተማሪዋ አትቸኩል። «ጠፍታችሁ የምታውቁ አላችሁ?» ብላ ትጠይቅ፤ ሁለት ሦስት ልጆች ገበያ ውስጥ ስለጠፉበት ቀን ይናገሩ። ከዚያ አስተማሪዋ በራሷ ፊት፣ በራሷ ድምፅ፣ እርሷ ራሷ እንዴት እንደተፈለገችና እንደተገኘች ትናገር። ይህን ክፍል ለአህያዋ ብትሰጡት ልጆቹ ይስቁ ነበር። ከአስተማሪዋ ሲሰሙት ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

ጥያቄዎቹን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ፍርሃት የሌለበት ይሁን። ልጆቹ በቀላሉ የሚያሸንፏቸው ሁለት ጥያቄዎች፣ ከዚያ እናንተንም የሚያስቸግር አንድ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ፣ በተለይ ክረምቱን አያቱ ዘንድ በግ ሲጠብቅ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ «ዘጠና ዘጠኙንስ ማን ጠበቃቸው?» ማለቱ አይቀርም። ቀልድ አድርጋችሁ አትለፉት። መልስ ካላችሁ መልሱ፤ ከሌላችሁ «እኔም አስቤበት አላውቅም፤ ነገ አብረን እናንብበው» በሉ፤ ነገም አንብቡት።

ወደ መጨረሻው ቀን ልመለስ፤ ይህ ከሁሉ ይከብደኛል። አንበሶ ሲዘል ልጆቹ አብረው ዘለዋል፤ ሲያገሳ አብረው አግሥተዋል፤ እጁን ሲያነሣ አብረው እጃቸውን አነሡ። ይህን ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱት ጨዋታ ነው ብዬ ብገምት እንዳትቀየሚኝ። ከእነዚያ እጆች ቆጥራችሁ ይህን ያህል ልጅ ጌታን ተቀበለ የሚል ሪፖርት ጽፋችሁ ከሆነ አስተካክሉት። በአንዱ ልጅ ልብ ውስጥ አንዳች ነገር አልሆነም ማለቴ አይደለም፤ እርሱን እኔም አንቺም ከውጭ አናየውም። ስለዚህ ልጆቹን የባለፈው ውሸት ነበር አትበሏቸው። እጃቸውን ያነሡትን ከወላጆቻቸው ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ አነጋግሯቸው፤ በተለይ የ11 እና የ12 ዓመቶቹን፣ ነገሩ ለእነርሱ ጨዋታ ላይሆን ይችላልና። ዘንድሮ ድራማውን ተዉት። ለጸሎት ከመነሣታችሁ በፊት ወጣቱ ጆሮዎቹን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፤ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቁም። በየቀኑ እንዲሁ ያድርግ። ትልልቆቹ ልጆች ስለ ራሱ እምነት ቢጠይቁት ይመልስላቸው፤ ጆሮው ሳይኖር ግን።

ወላጆች የሚጠይቁሽን ሳይጠይቁሽ አዘጋጂ። አህያዋን የሚጫወተው ማን እንደሆነ ወላጆች ሁሉ ስሙን ይወቁ። ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ሁለተኛ አገልጋይ ሁልጊዜ ከአጠገቡ አይለይ። ልጅ አያሳድድ፣ አያነሣ፣ አይሸከም፤ የሚፈልገው ልጅ ራሱ ይቅረበው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ለብቻ አስቀምጧቸው፤ አህያዋም ወደ እነርሱ ስትሄድ ቁጭ ብላ ትጫወት።

ልብሱን የላከችው እህት እንዳትከፋ በመጀመሪያው ቀን አንበሶን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። ወጣቱ «ባለፈው ዓመት እዚህ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» ይበላቸው፤ ልጆቹ በአፉ ቀዳዳ ያጮልቁ፣ ጭንቅላቱን በየተራ ይሞክሩት። ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት። ከዚያ በሣጥኑ ይመለስ፤ ለልደት በዓል የሚዋሰው አይጠፋም።

ወደ ሽማግሌው ስትሄጂ ለክርክር አትሂጂ። የአህያዋን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂና ከአምስቱ ቀን ቢያንስ በአንዱ መልስ ሰጪው እርሳቸው እንዲሆኑ ለምኚያቸው። ወንበር አስቀምጪላቸው፤ ልጆቹ ዙሪያቸውን ይቀመጡ፤ የበለዓምንም ታሪክ ራሳቸው ይተርኩት። ወንጌል ተረት እንዳይሆን ከልብ የሚሠጉ ሰው ለዚህ ቦታ ከሁላችሁም ይሻላሉ፤ ልጆቹም ሽማግሌ በአህያ ጥያቄ ሲጨነቁ ማየት ደስ ይላቸዋል። እምቢ ካሉ በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲመለከቱ ብቻ ጠይቂያቸው። እሺ ካሉ ደግሞ ጥያቄዎቹ ከሳምንት በፊት ይድረሷቸው። ስለ ዘጠና ዘጠኙ በጎች ሳይዘጋጁ እንዳይመጡ።